የአማቴ ፉርጎ

ሰው ጊዜውን በምን ቢያባክነው ነው የሚከበረው? ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን አመላልሼው የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ጊዜ ማባከን በራሱ ነውር የሌለበት መሆኑን ነው። ነውሩ ብቻህን ስታባክነው ነው። በአገራችን ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ክንድ ድንበር ተካሶ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቢያረጅ «መብቱን የማያስነካ» ይባላል። ጠጅ ቤት ውሎ ቢገባ «ተጫዋች» ነው። በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው የባሕር ማዶ የኳስ ቡድን ድምፁ እስኪዘጋ ቢከራከር ማንም ምን ነካው አይለውም። እስቲ ደግሞ ያው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ በወረንጦ የያዛትን የምስር ፍሬ የምታህል ፕላስቲክ ከሌላ የምስር ፍሬ ከምታህል ፕላስቲክ ጋር ሲያጣብቅ ይገኝ። ዘመድ ይሰበሰባል። የትኛው ጠበል ይሻለዋል ይባላል።

እኔ ቢቸና ማዘጋጃ ቤት ንድፍ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህ የታወቀው ሥራዬ ነው። ሁሉም አውቆት ማንም ያልገባው ሥራዬ ደግሞ የዕቃ ጫኝ ባቡር ፉርጎ መገጣጠም ነው። እውነተኛውን ፉርጎ አይደለም፤ አምሳያውን፣ የጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ከሥራ ስትወጣ ምን ትሠራለህ ሲለኝ በኩራት «ባቡር» እል ነበር። እኛ አገር ደግሞ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። በሐዲድ የሚሄደውን ቢቸና ላይ ያየ የለም፤ የሚፈጨውን ግን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የቢሮ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየመጡ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አንዲት የሰፈራችን ሴትማ በርበሬ ይፈጭ እንደሆነ ልትጠይቅ ቤቴ ድረስ መጣች። ፉርጎዬን አውጥቼ ባሳያት አገላብጣ አየችውና እህሉ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችኝ። በር አለው፣ እውነት ነው። በሩም ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ላስረዳት?

ይህን አመል ያስያዘኝ ለመንገድ ሥራ መጥቶ እኛ ግቢ ተከራይቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይገጣጥማል። እኔ መጀመሪያ የሰዓት ጥገና መስሎኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ አንዷን መሰላል ይዞ ወደ ፉርጎው ጎን ያስጠጋል፤ ትንፋሹን ይዟል፤ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። በቃ፣ በዚያው ተያዝኩ። ሰውየው አንድ ቀን ተጠርቶ ሲሄድ ያልከፈታቸውን ሳጥኖች፣ ሙጫውንና አውራ ጣት የሚያህሉ የቀለም ቆርቆሮዎቹን ትቶልኝ ሄደ። መንገዱንም እንደዚያው ሳይጨርስ ትቶልን ነው የሄደው።

ሳጥኑን ስትከፍተው ፉርጎ የለም። ፉርጎ ሊሆን የሚችል ነገር ነው ያለው። ጎኑ፣ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ መንኮራኩሩ፣ መሰላሉ፣ የፍሬኑ ዘንግ፣ የበሩ መቀርቀሪያ፣ ሁሉም እንደ ወይን ዘለላ ከፕላስቲክ ሐረግ ላይ ተንጠልጥለው ይጠብቁሃል። አንድ በአንድ በጥፍር መቁረጫ ትቀነጥሳቸዋለህ። የጥፍር መቁረጫው የሚስትህ ነው። የተቀነጠሰበትን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት ትሞርዳለህ። ከዚያ ታጣብቃለህ። ሙጫው ከበዛ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ካነሰ በማግስቱ ፉርጎህ በየፊናው ተበታትኖ ታገኘዋለህ። ይህ ግን ገና መገጣጠም ነው። ልፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ከሳጥን ወጥቶ የተጣበቀ ፉርጎ አሻንጉሊት ነው፤ ፉርጎ የሚሆነው ዕድሜ ሲጫነው ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የሰጠህን ወፍራም የፕላስቲክ መጨበጫ ቆርጠህ ትጥልና ከስልክ ገመድ ውስጥ በወጣ ፀጉር በሚያህል ሽቦ ትተካዋለህ። ጣሪያውን አቧራ ታለብሰዋለህ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የፋቀውን ቦታ ትፍቃለህ። ሌላው ሰው አዲስ ነገር ለማግኘት ሲደክም አንተ አዲሱን ለማስረጀት ትደክማለህ። እኔ ራሴ በዚህ መሐል ማርጀቴን ያየልኝ የለም።

አንዴ የበሩ መቀርቀሪያ ከወረንጦዬ አመለጠች። የወደቀ ነገር ወደ ታች ነው የሚሄደው ያለ ሰው ፉርጎ ሠርቶ አያውቅም። ከጠረጴዛ የወደቀችው መቀርቀሪያ አልጋ ሥር የለችም፣ ወንበር ሥር የለችም፣ እኔም ሚስቴ ባንቺአምላክም ወለሉን በግንባራችን ስንስም አረፈድን። በኋላ በሩ አጠገብ የቆመችውን የጎረቤት ዶሮ ሳያት አንገቷን ዘርጋ አድርጋ የሆነ ነገር ዋጥ አደረገች። ዶሮዋ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። ግን «ዶሮሽ የፉርጎዬን መቀርቀሪያ ውጣብኛለች» ተብሎ ለጎረቤት ይነገራል?

በዚህ ምድር ላይ ሥራዬ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም የባንቺአምላክ አባት፣ አማቴ አባባ ይሁኔ ናቸው። አባባ ይሁኔ ሞጣ ተወልደው፣ በጎረምሳነታቸው ድሬዳዋ ወርደው፣ ጡረታ እስኪወጡ በዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ የፍሬን ሠራተኛ ነበሩ። በፉርጎው ጫፍ አንድ ሰው የምታቆም ጠባብ ሰገነት ነበረች፤ እዚያ ላይ ቆመው፣ ቁልቁለት ሲጀመር መሪ የመሰለ ብረት እያሽከረከሩ ፍሬን ይይዙ ነበር። ፀሐዩም፣ ዝናቡም፣ የበረሃው አሸዋም የሚያገኛቸው እዚያው ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሞጣ ተመልሰው ከትንሿ ልጃቸው ከማንጠግቦሽ ጋር ሲቀመጡ፣ ባቡር ባሉ ቁጥር ሰው ወፍጮ እየመሰለው ተቸግረው ነበር። እንግዲህ ሁለታችን እንዴት እንደተገናኘን አስቡት።

አንድ ፋሲካ ያለቀለት ፉርጎ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀብለው ወደ ደጅ ብርሃን አወጡት፤ ዓይናቸው ያኔ ደህና ነበር። ከላይ እስከ ታች አገላብጠው አዩት። «ሁሉ ነገር አለው። እኔ የምቆምበት ግን የለውም» አሉኝ። እውነት ነው፤ ሰገነት የሌለው ዓይነት ነበር። «የኔን ትሠራልኛለህ?» አሉ። አማት እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አማች ምን ይላል? እሠራለሁ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ከቢቸና ሞጣ መሄድ ባሕር ማዶ እንደመሄድ ሆነ። ስልክ የሠራ ዕለት ይደውላሉ። የኔን ጤና ይጠይቃሉ፣ የልጃቸውን ጤና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከምን ደረሰ?» ይላሉ። እኔ የደረስኩበትን እነግራለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። የሳቸው ነገር ሁሉ ዝገቱ ላይ ነበር። «ከበሩ ሥር ነው የሚብሰው፤ ውኃ እዚያ ይቆማል» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «የሰገነቱን መጨበጫ እንዳታዝገው። እሱን የኛ እጅ ነው የሚጠርገው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው መመሪያ ወረቀት ላይ ይገኛል?

ስለዚህ ዝገት ተማርኩ። ዝገት ቀላል ይመስላችኋል? ቡናማ ቀለም ብትቀባው ጭቃ ነው የሚመስለው፤ ቀይ ብትጨምርበት የታመመ ጥርስ ይሆናል። ዝገት ጥቁር መነሻ አለው፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚደምቅ ጠርዝ፣ ከዚያ ዝናብ ጎትቶ ያወረደው እንባ የመሰለ መስመር። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የጎረቤቴ የእትዬ ዘነቡ የቆርቆሮ በር ነው። እንደሱ ያለ ዝገት በቢቸና የለም። ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ እቆምና አየዋለሁ፤ ማታ ስመለስም እንዲሁ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ታችኛውን ጠርዝ በጣቴ ነካሁት። እትዬ ዘነቡ በመስኮት ሲያዩኝ ነበር ለካ። የማዘጋጃ ቤት ሰው በርህን በየቀኑ ቆሞ ካየው፣ ጎንበስ ብሎም ከነካው፣ ምን ትላለህ? ሊያፈርሰው ነው ትላለህ። በማግስቱ ሳልፍ በሩ እንደ አዲስ ሙሽራ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ። እትዬ ዘነቡም ደጁ ላይ ቆመው «ይኸው አስተካክለነዋል፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ» አሉኝ። ያን ዕለት ቢሮ ገብቼ ምንም አልሠራሁም። ከዚያ በኋላ ዝገቱን በትዝታ ነው የጨረስኩት።

ብቻ ጨረስኩት። ከሠራኋቸው ሁሉ እንደሱ ያለ አልወጣልኝም። ቀዩ ቀለም በፀሐይ ገርጥቷል፤ ከበሩ ሥር ዝገቱ ወርዷል፤ ጣሪያው የበረሃ አቧራ ለብሷል፤ በጎኑ ላይ በእሾህ ጫፍ «ድሬዳዋ» ብዬ ጽፌ ፊደሉን ግማሽ በግማሽ አደብዝዤዋለሁ። በጫፉ ሰገነቷ አለች፣ የፍሬኑ መሪ አለ፣ በሁለት በኩል ፀጉር የሚያህሉት መጨበጫዎች አሉ፤ እነሱ አልዛጉም፤ እጅ እንደጠረጋቸው ያብለጨልጫሉ። ለባንቺአምላክ አሳየኋትና «ሲያዩት እንባ ነው የሚቀድማቸው» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔም የሷ ዓይን እንባ ያቀረረው በሽንኩርቱ መሰለኝ።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ተነሳሁ። ባንቺአምላክ የጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። ፉርጎውን በጥጥ ጠቅልዬ በጫማ ሳጥን አድርጌ መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይውጣ አለ። አይወጣም አልኩ። ምንድን ነው አለኝ። ፉርጎ ነው ብል ምን እንደሚከተል ከልምዴ አውቃለሁ፤ «እንቁላል ነው» አልኩት። እንቁላል የሚለው ቃል በኛ አገር መንገድ ላይ ያለው ክብር የሚገርም ነው። ረዳቱ እጁን ሰበሰበ። አጠገቤ የተቀመጡት ትልቅ ሴትዮ ቦታ ለቀቁልኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላ ሳይቀር «እንቁላሉን» እያሉ ያስጠነቅቁኝ ጀመር። ግንደ ወይን ስንደርስ የመኪናው ሰው ሁሉ የእንቁላሉ ባለአደራ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ፍተሻ ደረስን። ወርደን ተሰለፍን፤ አንድ ወጣት ፈታሽ ሳጥኑን እንድከፍት አዘዘኝ። ከፈትኩ። ትልቋ ሴትዮ አንገታቸውን አስግገው አዩና «እንቁላሉስ?» አሉኝ። ፈታሹ ፉርጎውን በሁለት ጣቱ አነሳው፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንድን ነው ሲለኝ የአማቴ ፉርጎ ነው አልኩት። ምን ይሠራል አለኝ። ምንም አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ ለፍተሻ አይመችም። አገላበጠው፣ መንኮራኩሩን በአውራ ጣቱ አሽከረከረው፣ መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ወደፊት ገፋው፣ ትንሽ ወደኋላ ሳበው። ፊቱ ለአፍታ ልጅ መሰለ። ከዚያ ሰው እያየው መሆኑ ትዝ አለው መሰል መልሶ ሰጠኝና ሂድ አለኝ። ምንም አልተሰበረም። እስከ ሞጣ ድረስ ግን አንድም ሰው አላናገረኝም። አልፈርድባቸውም፤ ያን ሁሉ መንገድ የተጨነቁት ለእንቁላል ነበር።

ሞጣ መናኸሪያ ማንጠግቦሽ ቆማ ጠበቀችኝ። ማንጠግቦሽ በቤታቸው ደጃፍ ባለች ክፍል ልብስ ትሰፋለች፤ ወሬ የምትወድ ልጅ ናት። ያን ዕለት ግን በባጃጁ ውስጥ ሁሉ ሳጥኑን እያየች ዝም አለች። ቤቱ ስንደርስ «ግባ እንግዲህ ጋሼ፤ ከጓሮ በኩል ፀሐይ ላይ ናቸው» ብላ ወደ ኋላ ቀረች።

አባባ ይሁኔ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከስተዋል፣ ግን ደህና ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «አመጣኸው?» አሉ። አመጣሁት አልኩና ፉርጎውን ከጥጡ ፈትቼ አቀረብኩላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እጆቻቸው የተዘረጉት ግን እኔ ወዳለሁበት አልነበረም፤ ከኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ባዶው ቦታ ላይ ነው። እዚያው ተዘርግተው ቀሩ።

ወደ በሩ ዞር ስል ማንጠግቦሽ ቆማለች። አንገቷን ደፋች።

ምን አደርጋለሁ? ፉርጎውን ወደ ግራ ወስጄ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጣቶቻቸው ዘጉበት። ጣሪያውን ዳሰሱ፣ በጎኑ ወረዱ፣ በሩን አገኙና ገፋ አደረጉት፤ ተንሸራተተላቸው። «ይሄዳል» አሉ። መንኮራኩሩን ነኩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወደ ጫፉ ሄዶ ሰገነቷ ላይ ቆመ። «ይህቺ ናት። እዚህ ነበርኩ» አሉ። ጣታቸው መጨበጫውን ሊይዝ ሲሞክር ቀጭኑ ሽቦዬ ቀጭ አለ። «ተሰበረ?» አሉኝ። «ኧረ አልተሰበረም» አልኩ። ሌላኛውም ቀጭ አለ።

ብዙ ሲዳስሱት ቆዩ። በተለይ ከበሩ ሥር ያለውን ቦታ ደጋግመው ዳሰሱት። ያን ቦታ የሠራሁበትን ጊዜ ላወራችሁ አልችልም። በመጨረሻ፣ ሰውን ላለማስቀየም እንደሚጠነቀቅ ሰው ለስለስ አድርገው «በጣም ጥሩ ነው። እጅህ የተባረከ ነው። ብቻ አዲስ ነው። የኛዎቹ ዝገው ነበር» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ቀለም ለጣት ምኑ ነው? ጥቁሩ መነሻ፣ ብርቱካኑ ጠርዝ፣ የዝናቡ እንባ፣ በእሾህ የጻፍኩት ድሬዳዋ፣ ሁሉም ለጣት እንደ ሰሐን ልሙጥ ነው። እንዲያውም ቀለሙ ልሙጥ እንዲሆን ስንት ለፍቻለሁ። «አባባ ዝጓል እኮ» ብዬ አልከራከራቸው ነገር፣ ዓይናቸው እንደማያይ ልመሰክርባቸው ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሲሰሙ «አይክፋህ ልጄ፤ አዲስም ደግ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የከፋኝ።

ማንጠግቦሽ በኋላ ልብስ መስፊያዋ ክፍል አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። የዓይናቸው ግፊት ነው፤ እይታቸው ቀስ በቀስ ሲጠብ ሲጠብ መጥቶ ተዘጋ። ሐኪሙም ይህ ዓይነቱ ከሄደ አይመለስም ብሏል። ለኔ እንዳይነገር ያስማሏት እሳቸው ናቸው። «ካወቀ መሥራቱን ይተዋል፤ ዓይን ለሌለው ሰው ምን ይሠራል ብሎ ይተዋል» አሉ አለችኝ። «እኔ ደግሞ አንድ ቀን እጄ ላይ ባገኘው» አሉ። ባንቺአምላክስ? ብዬ ጠየቅኋት። ማንጠግቦሽ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች ነበር፤ ቀና ሳትል «እሷ የጤና ሰው አይደለች፤ በስልክ ጠይቃቸው ከኔ በፊት ነው ያወቀችው» አለችኝ። ሽንኩርቱ አሁን ገባኝ። ለካ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ዓይነ ስውሩ እኔ ነበርኩ።

ሐሳቤ በማግስቱ መመለስ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ። በስፌት ክፍሉ ጥግ፣ በእራፊ ጨርቆች መሐል ተቀምጬ ፉርጎውን ሳየው ዋልኩ። ብተወው ሥራዬ ነው፤ ያማረ፣ ያለቀለት፣ የትም ብወስደው የማያሳፍረኝ። ግን ለማን ነው የሠራሁት? ይህን ጥያቄ ላለመመለስ ብዙ ሰዓት ታገልኩ። ከዚያ ማንጠግቦሽን የዛገ ነገር ካላት ጠየቅኋት። ከጓሮ የተጣለ የዱሮ ጣሳ አመጣችልኝ። በቢላ ፋቅኩት፤ ቀይ ቡናማ ቅርፊቱና ዱቄቱ ወረቀት ላይ ተጠራቀመ። ሙጫ አምጥቼ ከበሩ ሥር፣ ያ ሁሉ ዘመን የፈሰሰበት ቀለም ላይ ለቀለቅሁና እውነተኛውን ዝገት ነሰነስኩበት። እጄ እምቢ እያለኝ ነው። አሸዋም ጨመርኩ። የተሰበሩትን መጨበጫዎች ነቅዬ ማንጠግቦሽ ከሰጠችኝ ወፍራም የልብስ መስቀያ ሽቦ ሌላ አጎበጥኩ፤ ሰው ቢሰቀልበት የማይሰበር። ሲያልቅ አየሁት። ፈንጣጣ የያዘው ሳሙና ይመስላል። ድሬዳዋ የሚለው ጽሑፌ ከሙጫው ሥር ገብቶ «ድሬ» ብቻ ቀርቷል።

ወስጄ ሰጠኋቸው። ዳሰሱና «ጣሪያው ላይ ይሄን ያህል የለም፤ አበዛኸው» አሉኝ። ወስጄ ሞረድኩት። አሁንም ሰጠኋቸው፤ «ከበሩ ሥር ጨምር፤ እጅ የሚቧጥጥ ነበር» አሉ። ጨመርኩ። እንዲህ ስንመላለስ ዋልን፤ እኔ እያበላሸሁ፣ እሳቸው እያረሙ። በመጨረሻ ጣታቸው ከበሩ ሥር አልፎ፣ ሻካራውን ተከትሎ፣ በጫፉ ዞሮ ወፍራሙን ሽቦ ያዘ። ምንም እርማት አልመጣም። ፉርጎው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ሁለት ጣታቸው መጨበጫው ላይ።

«ድሬዳዋ ሁሉም ደፋር ነበር የሚለኝ» አሉ። «ይሁኔ ቁልቁለት አይፈራም፣ አንድ እጁ ከብረቱ አይላቀቅም ይሉ ነበር። እጄ ያልተላቀቀው በፍርሃት ነው ልጄ። ባቡሩ ቆሞም እንኳ ጣቶቼን በሌላው እጄ ነበር የማላቅቃቸው። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ለልጆቼም።» ከዚያ ፈገግ አሉና «አሁንም ይኸው ይዤዋለሁ» አሉኝ። ከደጃፉ ክፍል ይሰማ የነበረው የማንጠግቦሽ የስፌት መኪና ድምፅ ቆሞ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን አለበት? እኔም ሥራዬ ፍሬ አፈራ ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቢቸና እመለስ ነበር። ግን በማግስቱ የደብሩ መሪጌታ ሊጠይቋቸው መጡ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በሞጣ ዙሪያ «ዓይናማ» የሚባሉ ሊቅ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ለሊቅ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ የለም። እኔ እንደ አማች ደንብ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። መሪጌታ ጸሎት አድርሰው፣ ውኃ ከተጠጣ በኋላ፣ ዓይናቸው ከአማቴ ጉልበት ላይ ካለው ነገር ላይ አረፈ። አነሱት። ወደ ብርሃን አደረጉት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። የተጋጋረውን ሙጫ አዩ፣ የጎበጠውን ሽቦ አዩ፣ «ድሬ» የሚለውን አነበቡ።

«ይህ የት ተሠራ?» አሉ።

ማንጠግቦሽ «እዚሁ ቤት ነው አባቴ» አለች።

መሪጌታ አማቴን ትኩር ብለው አዩአቸው፤ ፊታቸው በርኅራኄ ተሞላ። ዓይን ሳይኖር፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዳሰሳ ብቻ ይህን ያህል መሥራት ትልቅ ጸጋ መሆኑን ተናገሩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ትዕግሥቱ እንደገባቸው አስረዱ። ሰው ሲያየው ወዲያው ዓይን ያልነካው ሥራ መሆኑ እንደሚታወቀው፣ ይህም ለሠራተኛው ነውር እንዳልሆነ ጨምረው አጽናኑ። በመጨረሻም ራሳቸውን እየነቀነቁ «አይ አቶ ይሁኔ፤ ዓይንዎ ቢያይ ኖሮማ ይህ ምን ያህል ባማረ ነበር» አሉ።

ማንጠግቦሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ማዘጋጃ ቤት ስንት ዓመት ንድፍ የሠራሁ ሰው፣ ሁለት ጤነኛ ዓይን ከነመነጽሩ ያለኝ፣ አማቴ አሁን «አማቼ ነው የሠራው» ይላሉ ብዬ ላቤ መጣ። ስሜ እንዳይጠራ በልቤ ተማጸንኩ።

አባባ ይሁኔ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት ጥግ መለስ አደረጉ፤ በዚህኛው ጊዜ በትክክል ነው ያገኙኝ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩና፣ በሚገባው ትሕትና፣ «ምን ይደረግ መሪጌታ፤ ሌላው ሌላው እንኳ ይህን ያህል አልከበደኝም። ዝገቱ ነው ያስቸገረኝ» አሉ።